ክታብና ዓይኖቹ

አስፈሪ ፍጥረት መሳል ዛሬ የፊልምና የጌም ሠዓሊዎች እንጀራ ነው። የጎንደርና የጎጃም ደብተራዎች ግን ይህን ሥራ ለዘመናት ኖረውበታል። እነሱ የሚስሉት ሕመምተኛን ለመፈወስ ሲሆን፣ ሥዕሉ የሚያርፍበት ረጅም የብራና ጥቅልል ክታብ ይባላል።

ሥራው ከቆዳው ይጀምራል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል። ብራናው በጠባቡ ይቆረጥና ቁራጮቹ ጫፍ ለጫፍ ተሰፍተው ይቀጠላሉ። እንደ ልማዱ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ጥበቃው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲደርስ ነው። ከ1 ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝሙ ክታቦች ብዙ ናቸው።

ከዚያ የመቃ ብዕሩ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ለጸሎቱ ነው፤ ቀዩ ለመክፈቻውና ለከበሩ ስሞች ይቆያል። ጽሑፉ በግእዝ ይሄድና ለሥዕሎቹ ቦታ ይተውላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች።

በሾተላይ ልጆቿን ላጣች እናት የሚዘጋጀው ክታብ የቅዱስ ሱስንዮስን ታሪክ ይይዛል። ሕፃናት ገዳይዋ ውርዝልያ የገዛ እኅቱ ናት፤ የእሱንም ልጅ ገድላበታለች። ሠዓሊው ቅዱሱን ፈረስ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጦሩን ቁልቁል ይሰድና እሷን ከፈረሱ እግር ሥር ይጥላታል።

በሌሎቹ ሥዕሎች ላይ የሚገዛው ዓይን ነው። በባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ መካከል አንድ ፊት ይቀመጣል፤ በጫፎቹ መካከልም ሌሎች ዓይኖች ይፈጥጣሉ። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ዙሪያቸው በጥቁር መስመር ይከበባል። አካል፣ እጅና እግር ብዙ ጊዜ ይቀራሉ።

ክታብን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ ምክንያቱን ያስረዳል። በሕመምተኛው ላይ ያደረው መንፈስ ሥዕሉን የሚያየው በሕመምተኛው ዓይን ነው፤ አይቶም ደንግጦ ይሸሻል። እንግዲህ የደብተራው ዋና ተመልካች መንፈሱ ራሱ ነው። ጥንቃቄው ሁሉ እይታው ላይ የሚያርፈውም ለዚህ ነው።

የባለቤቱ ስም በጸሎቱ ውስጥ ደጋግሞ ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ስሙ ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ይጻፍበታል፤ በየቤተ መጻሕፍቱ ከተቀመጡት በብዙዎቹ ላይ የተፋቀው ቦታ ዛሬም ይታያል።

መናፍስትን የመሳል ጉዳይ ጎረቤት ሱዳንም አለ፤ ዛር የሚባለው መንፈስ እዚያም ይታወቃልና። ካርቱም ከሚገኘው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመረቀችው ሠዓሊ ከማላ ኢብራሂም ኢስሐቅ፣ ለንደን ሄዳ ተምራ የዛርን ሥርዓት አጥንታለች። መንገዷ ግን ከደብተራው ይለያል። እሷ ለመንፈሱ የራሱ መልክ አትሰጠውም፤ ተሰብስበው የተቀመጡ ሴቶችን ትስልና የፊታቸውን መስመር ታጣምመዋለች፣ ትዘረጋዋለች። ሥራዎቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን በሚገኘው ሰርፐንታይን ጋለሪ በትልቅ ዐውደ ርእይ ቀርበዋል።