ተጨማሪ መረጃ፦ ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1977 መጀመሪያ የያኔው የኡጋንዳ መሪ የኢዲ አሚን ወታደሮች በሌሊት የኡጋንዳ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ የጃናኒ ሉዉምን ቤት ሰብረው ገብተው መሣሪያ ፈለጉ። ምንም አላገኙም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳሳት ነገሩን ውጠው ዝም አላሉም፤ የጸጥታ ኃይሎች ያለ ፍርድ ስለሚገድሏቸውና ደብዛቸውን ስለሚያጠፏቸው ዜጎች የተቃውሞ ደብዳቤ ለአሚን ጻፉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ መፈረም በገዛ ሞት ላይ ከመፈረም ብዙም አይለይም ነበር። ፌብሩዋሪ 16 ቀን ሉዉምና ሁለት ሚኒስትሮች ተይዘው ተገደሉ። መንግሥት «በመኪና አደጋ ሞቱ» አለ፤ የሉዉምን አስከሬን ያዩ ሰዎች ግን በጥይት የተበሳ ሆኖ አገኙት። ካምፓላ በሚገኘው የናሚሬምቤ ካቴድራል ለሊቀ ጳጳሱ የተቆፈረው መቃብር ባዶውን ቀረ፤ ወታደሮች ርቆ በሚገኘው የትውልድ መንደራቸው እንዲቀበሩ አድርገው ነበርና። ምእመናኑ የመንግሥትን ክልከላ ጥሰው በባዶው መቃብር ዙሪያ ዘመሩ።