አንቀልባ ቆላ ሲወርድ

ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። በስሎ ካልታጨደ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ መስከረም ሲያልቅ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የምዕራብ አርማጭሆንና የመተማን ቆላ ያጥለቀልቀዋል፤ የአብደራፊ ከተማም ትጨናነቃለች። ለዚህ ሁሉ ሰው እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ውሃ ይቀዳል። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው፤ ከሴቶቹም ልጅ አዝለው የሚሠሩት ጥቂት አይደሉም።

ማዘል የሥራ ዘዴ ነው። ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው በሌለበት ቤት ሁለት እጅ የሚያስፈታ መላ ይኼው ብቻ ነው። እናት ጎንበስ ትልና ልጁን ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች፤ ጨርቁን ከላይ አልብሳ አንዱን ጫፍ በትከሻዋ፣ ሌላውን በብብቷ ሥር አሳልፋ ደረቷ ላይ ትቋጥረዋለች። ከዚያ ወዲያ ቤት መጥረጉም፣ ሽሮ መንፋቱም፣ ቡና መውቀጡም ይቀጥላል። ልጁ በእንቅስቃሴዋ እየተወዛወዘ እንቅልፍ ይወስደዋል።

የደጋው አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ ሲሆን፣ በዛጎልና በጨሌ ያጌጠው የእናትየዋ ኩራት ነው። ቆዳው ነፋስ ስለማያስገባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2800 ሜትር በላይ ለሆነችው ለደባርቅ ብርድ የተመቸ ነው። አብደራፊ አካባቢ ግን ከፍታው ከ1000 ሜትር በታች ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ለብርድ የተበጀው ቆዳ እዚህ ልጁን ያፍነዋል። ቆላ ላይ የሚያዋጣው ነጠላ ወይም ሌላ ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው።

ስለ ማዘል ጥቅም እናቶች በልምድ የሚያውቁትን ተመራማሪዎች ዘግይተው ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ1986 በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ በ99 እናቶችና ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀን ተጨማሪ ሰዓታት የታቀፉ ሕፃናት በስድስት ሳምንት ዕድሜያቸው ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ እንደሚያለቅሱ አሳየ። በጃፓን የሪከን ተቋም ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የሚያለቅስን ልጅ ይዞ አምስት ደቂቃ መራመድ ልቅሶውን እንደሚያበርድ፣ ከዚያም ልጁ ቶሎ እንዳይነቃ ከማስተኛት በፊት ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይዞ መቀመጥ እንደሚበጅ ጻፉ። እሹሩሩ እያለች ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምትል አያት ይህን ሳታነብ ታደርገዋለች።

ማዘል ለዳሌም ይጠቅማል። በደንብ የታዘለ ልጅ ጭኑ ተከፍቶ የእናቱን ወገብ ያቅፋል፤ ጉልበቱም ከመቀመጫው ከፍ ይላል። ይህ አቀማመጥ የጭን አጥንት በዳሌ ጉድጓዱ ውስጥ እንዲረጋ ያግዛል። በሰሜን አሜሪካ ሕፃናትን እግራቸውን አቅንተው በጣውላ ላይ ያስሩ በነበሩት በናቫሆ ሕዝብ ዘንድ ግን የዳሌ መውለቅ በብዛት ይታይ ነበር።

የምዕራቡ ዓለም ገበያም ማዘልን ከአፍሪካ ነው የወሰደው። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቶጎ ስትሠራ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲውሉ አየች። አገሯ ተመልሳ ሴት ልጅ ስትወልድ ከእናቷ ጋር ሆና ማዘያ ሰፋች። እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት የተሰጠው ይህ ማዘያ «ስናግሊ» በሚል ስም በብዛት ተሸጠ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅን ከሰውነት ጋር አስጠግቶ መያዝ ሆስፒታልም ገብቷል። ያለጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናት ራቁት ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቀው የሚሞቁበት «የካንጋሮ እንክብካቤ» እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ተጀመረ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳየ ካሴ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2000 ግራም በታች በተወለዱ ሕፃናት ላይ ሞክረውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ በካንጋሮ እንክብካቤ ከተያዙት ግን የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። እዚህ ላይ ጀርባ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ልጅ የሚያዘው ከፊት ነው። እናት ስትደክም አባት ሊተካት ይችላል።

ማዘል ግን ጥንቃቄም ይፈልጋል። አንገቱ ያልጠና ሕፃን ጀርባ ላይ ሲታዘል ጭንቅላቱ ወደፊት ተደፍቶ አገጩ ደረቱን ከነካ አየር ሊያጥረው ይችላል። እናትየዋ ፊቱን ስለማታይ ሌላ ሰው ቶሎ ቶሎ ሊያየው ይገባል፤ አፍና አፍንጫውም በጨርቅ መሸፈን የለባቸውም።

ቆላ ላይ ሦስት አደጋዎች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሁለት ሰውነት ሲጣበቅ ላብ መውጫ ያጣል፤ ሕፃን ደግሞ የራሱን ሙቀት መቆጣጠር ገና አልቻለም። ጠንከር ያለውን ሥራ ለጠዋት መተው፣ እኩለ ቀን ላይ ልጁን አውርዶ ጥላ ሥር ማስተኛትና ደጋግሞ ማጥባት ያስፈልጋል። ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ በሐሩርም ቢሆን የጡት ወተት በቂ ነው፤ ውሃ አይጨመርለትም። ልጁ ከወትሮው በላይ ፈዝዞ ወይም ሰውነቱ ግሎ ከተገኘ ማዘያው ወዲያው መፈታት አለበት።

ሁለተኛው ጭስ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ የምትጋግር እናት ወደ ምጣዱ ባጎነበሰች ቁጥር የታዘለው ልጅ ጭሱን ከእሷ እኩል ይስባል፤ የማገዶ ጭስ ደግሞ የሕፃናትን የሳንባ ምች ያባብሳል። ጋገራ ላይ ልጁን ለሌላ ሰው መስጠት ይሻላል። ይህ ካልተቻለ ማገዶ የሚቆጥበው ከሲሚንቶ የሚሠራ «ምርጥ» ምድጃ ጭሱን ይቀንሳል፤ ምጣዱን በር አጠገብ ማድረግም ይረዳል።

ሦስተኛው ምሽት ላይ ይመጣል። በመተማና በአርማጭሆ ቆላ የካላዛር በሽታን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁሩ መሬት ስንጥቅ ውስጥ ትውልና ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች። የወባ ትንኝም የምትነድፈው በዚያው ሰዓት ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት አብደራፊ ላይ ለብዙ ዓመታት ካላዛርን ሲያክም የቆየው በሽታው አካባቢውን ስላጠቃ ነው። ነጠላ ጀርባን ቢሸፍንም የልጁን እግርና ፊት አይሸፍንም። ስለዚህ የእራት ሥራ ሳያልቅ ቢመሽም ልጁን ቀድሞ አጎበር ውስጥ ማስገባት፣ ሲታዘልም ረጅም እጅጌና ሱሪ ማልበስ ይበጃል።

ውሃ መቅዳት የተለየ ጥያቄ ያነሳል፤ ጄሪካኑም ልጁም አንድ ጀርባ ይሻማሉ። በአካባቢው የሚኖሩ የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በትከሻ ላይ በሚያኖሩት እንጨት በሁለቱ ጫፍ ሚዛን አስይዘው ስለሚሄዱ ጀርባቸው ነጻ ይሆናል። በሌሎች ቤቶች ግን ጄሪካኑ እናት ጀርባ ላይ ሲወጣ ልጁ ወደ ታላቅ እህቱ ጀርባ ይተላለፋል፤ ብዙ ጊዜም የምታዝለው ልጅ ራሷ የትምህርት ቤት ሰዓት ያላት ናት። ውሃው በአህያ ጋሪ የሚመጣበት ቤት ይህን ሰዓት ያተርፍላታል።