ከሰዓቱ በፊት ስልኩ ይታይ

በኦቾሎ ላንቴ ሙዝ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ፣ አንድ ጥሪ ማለፉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃል። እጁ ሥራ ላይ ሳለ ደዋዩን የሚያሳየው ስማርት ሰዓት ለእርሱ ጌጥ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ኪሱን መፈተሽ ይኖርበታል።

የአፕል ሰዓት ያለ አይፎን አይሆንም። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት የሳምሰንግ ጋላክሲ ሰዓቶች በአንጻሩ ከአይፎን ጋር አይሠሩም። የሻዎሚ ስማርት ባንድ ከሁለቱም ጋር ይግባባል።

ቀጣዩ ጥያቄ ባትሪ ነው። የአፕል መደበኛ ሰዓት ከ18 እስከ 24 ሰዓት ሲቆይ፣ ባንዱ ከሳምንት በላይ ይዘልቃል። መብራት በማያስተማምንበት ማሳ ውሎ ለሚያድር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሰዓቱን ከራሱ ስልክ ጋር አገናኝቶ፣ አስደውሎ ይሞክር። ከስልኩ ያልተግባባ ሰዓት ውድ አምባር ነው።