የፍሬን ዲስክ ምርጫ፦ ተረትና እውነታ

የፍሬን ዲስክ ከመኪና ጎማ ጋር አብሮ የሚሽከረከር የብረት ክብ ሲሆን፣ ካሊፐር የሚባለው ክፍል በግራና በቀኙ ያሉትን የፍሬን ሸራዎች ሲጫንበት በሚፈጠረው ሰበቃ የመኪናው ፍጥነት ይቀንሳል። አሠራሩ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ባለመኪኖች አሮጌው ዲስክ ሲያልቅ ተተኪውን የሚመርጡት መኪናውን «ቶሎ ያቆማል ወይስ አያቆምም» በሚል መለኪያ ነው፤ በመለዋወጫ መደብሮችና በጋራዦች ከሚነገሩት የተሳሳቱ እምነቶች አብዛኞቹም የሚመነጩት ከዚሁ መለኪያ ነው። ፍሬኑ ጤናማ በሆነ የቤተሰብ ኤስዩቪ ላይ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት በዋናነት የሚወስነው ጎማው መንገዱን የመያዝ አቅሙ ነው። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠረው ኤቢኤስ የተባለው ሥርዓት ሥራ መጀመሩ ራሱ፣ ፍሬኑ ጎማው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ኃይል መስጠቱን ያመለክታል። የዲስኩ ዋና ኃላፊነት ሙቀትን መቀበል፣ ለጊዜው ማከማቸትና ወደ አየር ማስወጣት ነው።

ይህ ሙቀት ምን ያህል እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ 1,900 ኪሎግራም የሚመዝን ኤስዩቪ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲጓዝ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 730 ኪሎጁል ያህል ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ከዚህ ውስጥ 70 በመቶ ገደማውን ሁለቱ የፊት ዲስኮች ይቀበላሉ ቢባል፣ 8 ኪሎግራም የሚመዝን አንድ ዲስክ በአንዱ ማቆም ብቻ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሞቅ፣ 6 ኪሎግራም ብቻ የሚመዝነው ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በከተማ መንገድ ይህ ልዩነት ላይታይ ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ቁልቁለት ግን ከ1,000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ስላለው፣ ያው መኪና እዚያ የሚለቀው ጉልበት ከ100 ኪሎሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር እኩል ነው። የአየርና የጎማ መቋቋም ከፊሉን ይወስዳሉ፤ የቀረውን ወይ በዝቅተኛ ማርሽ የሚይዘው ሞተር ይቀበለዋል፣ ወይ ዲስኩ። እንዲህ ባለው አገር ለሚነዳ ቤተሰብ የዲስኩ ክብደት ከመልኩ ይልቅ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ፊቱ የተበሳ ወይም ቦይ የወጣለት ዲስክ ከለስላሳው ይበልጣል የሚለው እምነት በዚህ መለኪያ ሲፈተሽ አይጸናም። ቀዳዳዎቹ በእሽቅድድም መኪኖች ላይ የተለመዱት የያኔዎቹ ሸራዎች ሲግሉ ጋዝ ያወጡ ስለነበርና ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መካከል ገብቶ ሰበቃውን ስለሚቀንስ ነው፤ የዛሬ ሸራዎች ይህ ችግር በእጅጉ ቀንሶላቸዋል። በተራ ኤስዩቪ ላይ ቀዳዳው ሙቀት የሚያከማቸውን ብረት ይቀንሳል፣ በተደጋጋሚ መጋልና መቀዝቀዝም ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። ቦዩ በበኩሉ የሸራውን ፊት ቢጠርግም ሸራውን ቶሎ ይጨርሳል፣ ድምፅም ይጨምራል። ሙቀትን በእርግጥ የሚያስወጣው ከውጭ በቀላሉ የማይታየው ክፍል ነው፤ የፊት ዲስክ በአብዛኛው በመካከላቸው ክፍተት ያላቸው ሁለት ሳህኖች ሲሆኑ፣ ሳህኖቹን የሚያገናኙት ክንፎች በሚሽከረከሩበት ጊዜ አየርን ከመሀል ስበው ወደ ዳር ይገፋሉ።

ሌላው ሥር የሰደደ እምነት በመኪናው አምራች ስም ከታሸገው በቀር ሁሉም ዲስክ የማይታመን ነው የሚለው ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ የፍሬን ክፍሎችን የሚገዙት ከሌሎች ድርጅቶች ነው፤ ብሬምቦን የመሳሰሉ አምራቾች ለመኪና ፋብሪካም ለመለዋወጫ ገበያም ያቀርባሉ። ካርቶን ደግሞ በቀላሉ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ገዥው ከካርቶኑ ይልቅ ብረቱን መመርመር ይኖርበታል። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስፋታቸው፣ ቁመታቸው፣ የመሀል ቀዳዳቸውና የብሎን ቀዳዳዎቻቸው መግጠም ይገባቸዋል፤ አዲሱ ከታወቀው አምራች ዲስክ በጉልህ ከቀለለ ወይም ክንፎቹ ካነሱ፣ ርካሽነቱ የመጣው ከብረቱ መቀነስ ሊሆን ይችላል። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው ደንብ ቁጥር 90 ተተኪ ሸራዎችና ዲስኮች ሊያሟሉት የሚገባውን ብቃት ይወስናል፤ ይህን ፈተና ያለፈ ዲስክ የማጽደቂያ ምልክትና ቁጥር ይሰፍርበታል። ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ያገለገለ ዲስክም «የጃፓን ነው» ስለተባለ ብቻ የሚታመን አይደለም፤ የቀረው ውፍረት ሳይለካ መግዛቱ በቤተሰብ ሕይወት ላይ መቆመር ነው።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያባክነው ግን ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ «ዲስኩ በሙቀት ተጣሟል» የሚለው ፍርድ ነው። ዲስክ የሚሠራው ከግራጫ ቀልጦ ፈሰስ ብረት ነው፤ በውስጡ በስስ ቅጠል መልክ የተበተነው ካርቦን ሙቀትን በደንብ ያስተላልፋል፣ ንዝረትንም ያበርዳል። እንዲህ ያለ ብረት በተለመደ አነዳድ እንደ ሳህን የሚቆለመምበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። የንዝረቱ የተለመደ ምክንያት የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ መለያየቱ ሲሆን፣ ልዩነቱ 0.02 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጂው ሊሰማው ይችላል። ልዩነቱ በሁለት መንገዶች ይፈጠራል። አንደኛው በጣም በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳሉን ረግጦ ሲቆም የሸራው ቁስ በአንድ ቦታ መለጠፉ ነው፤ ሁለተኛው ዲስኩ በሚያርፍበት የጎማ ማዕከል፣ ማለትም በሀቡ ፊት ላይ፣ ዝገት ወይም ቆሻሻ ቀርቶ ዲስኩ በጥቂቱ አዘንብሎ መታሰሩ ነው። ያዘነበለው ዲስክ ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜም በእያንዳንዱ ዙር ሸራውን በአንድ በኩል እየነካ ቀስ በቀስ ያንን ቦታ ያሳሳዋል፤ ስለዚህም ንዝረቱ የሚጀምረው በተገጠመበት ቀን ሳይሆን ከብዙ ኪሎሜትር በኋላ ነው። ባለመኪናው ጥፋቱን በአዲሱ ዲስክ ላይ ጥሎ ሌላ ይገዛል፣ ሀቡ ግን አሁንም እንደ ዛገ ነው። ሀቡን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ፣ የዲስኩን መወላገድ በመለኪያ ሰዓት አይቶ፣ የጎማ ብሎኖችን በመስቀለኛ ቅደም ተከተልና በእኩል ኃይል ማጥበቅ ከውድ ዲስክ በላይ ዋጋ ያለው ሥራ ነው።

ያገለገለ ዲስክን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ሁልጊዜ ይጠቅማል ወይም ሁልጊዜ ይጎዳል የሚሉት ሁለቱም አባባሎች ከመለካት በፊት የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። ዝቅተኛው ውፍረት በአብዛኛው በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ አዲስ ሳለ 28 ሚሊሜትር የሚወፍር የፊት ዲስክ ገደቡ ብዙ ጊዜ 25 ወይም 26 ሚሊሜትር ነው። ከተላጠ በኋላ ከዚህ በታች የሚወርድ ከሆነ መጣል አለበት፣ ምክንያቱም የሳሳ ዲስክ ያነሰ ሙቀት ይይዛል፣ ለመሰንጠቅም ይቀርባል። ሸራው የማይደርስበት የዲስኩ ጠርዝ ሳይበላ ስለሚቀር ልኬቱ መወሰድ ያለበት ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ በተለያዩ ቦታዎች ነው።

ዲስክ ሁልጊዜ በአንድ አክስል ላይ በጥንድ ይቀየራል፤ ሸራውም አብሮ ይታደሳል። ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ የሚታየው ቀይ የዝገት ብናኝ ብልሽት አይደለም፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወደ ታች የሚሰምጠውም ብዙ ጊዜ የዲስክ ጥፋት ሳይሆን የፍሬን ዘይት መፍላት ነው፤ ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ መቋቋም ሲኖርበት፣ እርጥበት ከመጠጠ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ዲስክ አያልቅም የሚል አዲስ እምነት ተጨምሯል። በእርግጥ መኪናው ሲዘገይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ዲስኩ እምብዛም አይበላም፤ እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ባሉ ሞዴሎች የኋላው ፍሬን ከነጭራሹ ዲስክ ሳይሆን ታምቡር የሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ የማይሠራበት ዲስክ ዝገቱ ሳይጠረግ ስለሚቆይ ፊቱ ሊቦረቦር ይችላል፣ በመሆኑም ሸራ የማይነካቸው ክፍሎቹ በፀረ ዝገት ቅብ የተሸፈኑትን መምረጥ ይበጃል። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ቁልቁለት በተጀመረ ጊዜ ደግሞ ጉልበቱን የሚቀበል ቦታ ስለማይኖር ሸክሙ በአብዛኛው ወደ ሸራውና ወደ ዲስኩ ይመለሳል፣ የዚህ ዓይነቱ መኪናም በባትሪው ምክንያት ከአቻው የነዳጅ መኪና በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎግራሞች ሊከብድ ይችላል።