በቤት ድሪል የሐይቅ በረዶ መብሳት

በሚኒሶታ የብርዱ ወራት ሲገቡ ሐይቅ ሜዳ ይሆናል። ሰው ይሄድበታል፤ በረዶው ሲወፍር ደግሞ መኪና ይነዳበታል። እንደ ሚላክስ ባሉ ትልልቅ ሐይቆች ላይ የዓሣ አጥማጆች ጎጆ ተደርድሮ መንደር ይመስላል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖር ሐበሻም «ቅዳሜ ዓሣ ልናጠምድ ነው፣ አትመጣም?» የሚል የሥራ ባልደረባ አያጣም። እሺ ያለ ሰው ታዲያ ዓሣውን ከማሰቡ በፊት ከግማሽ ሜትር በላይ የወፈረውን በረዶ በምን እንደሚበሳው ማሰብ አለበት።

ለረጅም ጊዜ ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው በእጅ የሚዞር ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ ነው። ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም፤ በጥር መጨረሻ ግን ሁለት ሦስት ቀዳዳ እንደበሱበት ትከሻ ይዝላል። ሁለተኛው ባለ ቤንዚን ሞተር ነው። ጉልበቱ አይታማም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ይጮኻል፣ ጭሱም በተዘጋ ጎጆ ውስጥ ሰው ይገድላል። ባለፉት አሥር ዓመታት ገደማ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ተለመደ፦ ለቤት ሥራ የተገዛውን ባለ ባትሪ ድሪል ይዞ መሄድ። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው መሰርሰሪያ በእጀታ ፈንታ ድሪሉ አፍ ውስጥ ገብቶ የሚጠብቅ ዘንግ አለው። ጠመዝማዛው ፕላስቲክ ከሆነ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው።

ይህ ሲባል ያገኙትን ድሪል ሁሉ ይዘው ይውጡ ማለት አይደለም። ትንሹን ባለ 12 ቮልት ቤት ይተዉት። የሚያስፈልገው 18 ቮልት የሆነ፣ ካርቦን የሌለው ሞተር ያለው (ካርቶኑ ላይ «ብራሽለስ» የሚለው)፣ አፉም እስከ 13 ሚሊሜትር የሚከፈት ነው። አሜሪካ ውስጥ «20 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ የተሻለ አይምሰልዎ። ውስጡ ያሉት አምስት ሴሎች ያው ናቸው፤ አንዱ አምራች ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ የሚያሳየውን ቁጥር ይጽፋል፣ ሌላው በሥራ ላይ ያለውን አማካይ። ዋናው መታየት ያለበት የመጠምዘዝ ኃይሉ ነው፤ 80 ኒውተን ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አይቸገሩም። ማርሹ 1 ላይ ይሁን፤ 2 ቁጥር ፍጥነት ይሰጣል፣ ጉልበት ግን ይቀንሳል። ቀለበቱንም የመሰርሰሪያ ምልክት ላይ ያዙሩት። የብሎን ማጥበቂያ ቁጥሮቹ ላይ ከተተወ ትንሽ ሲከብደው ቀጭ ቀጭ እያለ መዞሩን ያቆማል።

የመሰርሰሪያው ስፋት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ ነው። በ6 ኢንችና በ8 ኢንች መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው። ነገር ግን 60 ሴንቲሜትር በሚወፍር በረዶ ላይ ባለ 6 ኢንቹ የሚፈጨው 11 ሊትር ያህል በረዶ ሲሆን፣ ባለ 8 ኢንቹ ወደ 19 ሊትር ተኩል ይፈጫል። ይህ ሁሉ ከአንዲት ባትሪ የሚወጣ ጉልበት ነው። ፓይክ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ለሚያሳድድ ሰው 8 ኢንች ተገቢ ነው፤ ለቀረው ግን 6 ኢንች ይበቃል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። መሰርሰሪያው በረዶውን ጨርሶ ወደ ውኃው ሊገባ ሲል፣ ስለቱ የቀረችውን ስስ ከንፈር ነክሶ ድንገት ሊይዝ ይችላል። ሞተሩ ግን መዞሩን አይተውም፤ የታችኛው ጫፍ ሲያዝ የላይኛው፣ ማለትም ድሪሉ ራሱ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። 80 ኒውተን ሜትር 20 ሴንቲሜትር በሚረዝም የጎን እጀታ ላይ ሲያርፍ 40 ኪሎ እንደመሸከም ነው። የጎን እጀታው ከሌለ ይህ ሁሉ የሚያርፈው አንጓ ላይ ነው፤ አንጓው በዚህ ቢጣመም ወይም ቢሰበር አይገርምም። ስለዚህ ከድሪሉ ጋር መጥቶ ሣጥን ውስጥ የተረሳውን የጎን እጀታ ፈልገው ይግጠሙት፣ በሁለት እጅ ይያዙ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ፣ ወደ ታችም አይጫኑ። አንዳንድ አዳዲስ ድሪሎች እንዲህ ያለውን ድንገተኛ መዞር ሲያውቁ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ድሪሉን አቅፎ የሚይዝ ባለ ሁለት እጀታ መደገፊያም ይሸጣል፤ ደጋግሞ ለሚወጣ ሰው ገንዘቡ አይቆጭም።

ሌላው መጥፎ ዕድል መሰርሰሪያውን ሐይቅ ማብላት ነው። በእጅ የሚጠብቀው የድሪል አፍ ወደ ኋላ ሲዞር ሊላላ ይችላል፤ ብዙ ሰው ደግሞ የበረዶውን ፍርፋሪ ለማራገፍ ወደ ኋላ ያዞራል። አይልመዱት፤ ወደ ፊት እያዞሩ ወደ ላይ ቢስቡት ፍርፋሪው አብሮ ይወጣል። ከቀዳዳው የሚሰፋ ክብ ማገጃ ዘንጉ ላይ ያለው ወይም የሚንሳፈፍ መሰርሰሪያ ከገዙ ቢያመልጥም አይሰምጥም።

ባትሪው ብርድ አይወድም። ሊትየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ መቋቋሙ ይጨምራል፣ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል። ትርፉን ባትሪ ካፖርት ውስጥ፣ ከሰውነትዎ ጋር ያኑሩት። ባለ 5 አምፔር-ሰዓቱን መያዝ ይሻላል። ድሪሉ በመካከል ቀጥ ቢል ባትሪው አለቀ ብለው አይደምድሙ፤ በጭነት ብዛት ራሱን አጥፍቶም ይሆናል፣ ትንሽ ያሳርፉት። ቤት ሲመለሱ ደግሞ የበረደውን ባትሪ ወዲያው ቻርጀር ላይ አይሰኩት። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊትየሙ ወደ ቦታው ከመግባት ይልቅ እንደ ብረት ላዩ ላይ ይለጠፋል፤ ይህ ጉዳት አይመለስም። ስለቱንም ያድርቁት፤ ላዩ ላይ ውኃ ከረጋ በረዶውን ሳይቆርጥ ይንሸራተታል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በሚኒሶታ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በጠቅላላው ፈቃድ ያወጣል፤ በበረዶ ላይ ሁለት ገመድ መጣል ይቻላል።

ትልቁን መሰርሰሪያ ከመግጠም በፊት ግን ያው ድሪል ሌላ ሥራ አለው። የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የበረዶ ውፍረት ለመለካት ከሚመክራቸው መንገዶች አንዱ ባለ ባትሪ ድሪልና ረጅም የእንጨት መብሻ ነው፤ 8 ኢንች በረዶ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይበሳል። ከዳር ጀምረው እየለኩ ይግቡ፤ አንድ ቦታ ወፍራም የሆነው ጥቂት እርምጃ አልፎ ስስ ሊሆን ይችላል። በእግር ለመሄድ ቢያንስ 4 ኢንች አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል። ከበረዶ አመዳይ የረጋው ነጩ ዓይነት ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ፣ እሱ ላይ እጥፉን ካላገኙ አይርገጡ።