የበገና አውታር አለዋወጥ
በገና 10 አውታር አለው። በቀድሞው ልማድ አውታሩ ከበግ አንጀት ተገምዶ ይሠራል፤ ርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁበት ውሎ አድሮ ይበጠሳል። የተበጠሰውን ለመለወጥ ሌሎቹን መፍታት አይገባም፤ ውጥረቱ በድንገት ሲጓደል ቅኝታቸውን ይስታሉና። አዲሱ በበርኩማው ላይ ዐልፎ ከቀንበሩ ጋር ይጠመጠማል፤ ይህ ቀላሉ ሥራ ነው። አድካሚው እንዝራው ነው፤ ይኸውም በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። ጥቂት በጥቂት ሲገፋ፥ የበገና ድምፅ የሚነዝርበት አንድ ስፍራ ይገኛል፤ ያ ስፍራ ከተሳተ ድምፁ እንደ ክራር ጥርት ብሎ ይቀራል። አዲስ አንጀት ለጥቂት ቀን ስለሚለጠጥ፥ ዛሬ የተገኘው ስፍራ ነገ እንደገና ይፈለጋል። በአንጀት ፈንታ ናይሎን መምረጥ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው እንዝራውን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሮ መጣል ነው፤ ለጥናት ከተቀመጠ በገና ላይማ የረገፈው ቁራጭ ሁሉ በየአውታሩ ተራ ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል።