ሐውልቱ ቀድሞ የተቀረጸለት ቋንቋ

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ የኮምፒዩተር ታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ አንድ የእብነ በረድ የመቃብር ሐውልት ይገኛል። የተቀረጸበት የሰው ስም ሳይሆን «ኮቦል» የሚል ቃል ነው። ያሠራው የአር ሲ ኤ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሃዋርድ ብሮምበርግ ሲሆን፣ ይህን የኮምፒዩተር ቋንቋ ለማዘጋጀት የተያዘው ሥራ መጓተቱ ቢያናድደው፣ ድንጋዩን ለሥራው ኃላፊ ለቻርልስ ፊሊፕስ ወደ ፔንታጎን ላከለት። ይህ ከሆነ ከ60 ዓመት በላይ አልፎታል። ሟች የተባለው ቋንቋ ግን ዛሬም በብዙ ታላላቅ ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ነው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የየራሱ የትእዛዝ አጻጻፍ ስለ ነበረው፣ አንድ መሥሪያ ቤት መኪናውን በለወጠ ቁጥር የደመወዙንም የንብረቱንም ፕሮግራም እንደ ገና ማስጻፍ ነበረበት። ወጪው ያስመረራቸው የመንግሥትና የኩባንያ ሰዎች በሜይ ወር በፔንታጎን ተሰብስበው፣ በማናቸውም መኪና ላይ የሚሠራ አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተስማሙ። የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ግሬስ ሆፐር ቀደም ብለው ያዘጋጁት ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋ ዋና መነሻ ሆነ። የእሳቸው ሐሳብ ትእዛዙ በተራ የእንግሊዝኛ ቃል ይጻፍ የሚል ነበር፤ ይኸውም «ሰዓቱን በክፍያው ልክ አባዛ፤ ውጤቱን ደመወዝ በለው» እንደ ማለት ያለ ነው። በዲሴምበር 1960 አንድ ፕሮግራም ጥቂት ብቻ ተለውጦ በሁለት ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ሠራ።

ሊቃውንቱ ግን ቃል ይበዛዋል፣ ለአእምሮም አይበጅም እያሉ ነቀፉት። እውነቱን ለመናገር ለእኛም ሲነበብ ረዥም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስለናል። ሆኖም ለገንዘብ ሥራ ያለውን ጠባይ መዘንጋት አይገባም። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በዜሮና በአንድ ነው። በዚህ አቆጣጠር ከአሥር አንድ፣ ማለት የአንድ ብር አሥር ሳንቲም፣ በትክክል ሊጻፍ አይችልም፤ እኛ አንድን ለሦስት ስናካፍል 0.333 እያልን መጨረሻ እንደምናጣለት ያለ ነው። ኢምንት የሆነችው ጉድለት በሚሊዮን ሒሳብ ላይ ስትደጋገም መዝገቡ አይገጥምም። ኮቦል ግን ሳንቲሙን የሚይዘው ጸሐፊ በመዝገብ ላይ እንደሚጽፈው በአሥርዮሽ ነው።

ቋንቋው በ1985ና በ2002 ብዙ ታድሷል፤ የቅርቡም ደንብ በ2023 ወጥቷል። የጎደለው ሰው ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሁለት አኃዝ ብቻ ተጽፎ ስለ ነበር፣ 2000 ሲቃረብ ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ለእርማት ተጠሩ። በ2020 በኤፕሪል ወር ደግሞ በኮሮና ምክንያት ሥራ ያጡ ሰዎች ማመልከቻ ቢበዛ፣ የኒው ጀርሲ ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲረዱ በይፋ ጠየቁ።

ሁሉ ተጥሎ በአዲስ ይጻፍ የሚሉ አሉ። ነገር ግን በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ የተከማቸው የ40ና የ50 ዓመት የመሥሪያ ቤት ደንብ ነው፤ ጡረታ እንዴት እንደሚሰላ፣ በፌብርዋሪ 29 ወለድ እንዴት እንደሚታሰብ። ደንቡን ያወጡት ሹማምንት ሲሄዱ አንዳንዱ በሌላ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። አይ ቢ ኤም በ2023 ኮቦልን ወደ ጃቫ ቋንቋ ለመመለስ የሚረዳ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ መሣሪያ ማዘጋጀቱን አስታውቋል። መሣሪያው ቃሉን ይመልስ ይሆናል፤ አንዱ መስመር ለምን እንደ ተጻፈ ግን ከመስመሩ ላይ አይነበብም። አዲሱ ፕሮግራም ለአንድ ጡረተኛ የሚያስበው ከአሮጌው ጋራ እስከ ሳንቲሙ እኩል መሆኑን የሚመረምር ሰው ሁለቱንም ማንበብ ይኖርበታል፤ ኮቦልን የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው።